ደሴ ላይ ሻትሉ ለምን ከሜዳ ይወጣል?

የአፍሪካ ባድሜንተን ሻምፒዮና በደረሰ ቁጥር የውጤት ሰንጠረዡን ከፍቼ ከተጫዋቾቹ ስም በፊት የማየው አዘጋጇን ከተማ ነው፤ ከከተማዋም ከፍታዋን። ፖርት ሃርኮርትና ዱዋላ ከባሕር ጠረፍ ብዙም አይርቁም። ካይሮ ዝቅ ያለው የአባይ ሸለቆ ውስጥ ናት። ሮዝ ሂል የሞሪሸስ ደሴት ከተማ ናት። ካምፓላ ወደ 1,200 ሜትር ትጠጋለች። እኔ ይህን የምጽፍባት ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ይህ ቁጥር ለእግር ኳስ ተመልካች የመልክዓ ምድር ትምህርት ሊመስለው ይችላል። በባድሜንተን ግን ሻትሉ፣ ማለትም በራኬት ከመረብ በላይ የሚመታው የላባ ኳስ፣ ከመስመር ውስጥ ማረፉን ወይም መውጣቱን የሚወስን ጉዳይ ነው። የእኛ ልጆች በአህጉሩ መድረክ ላይ ለምን ቶሎ እንደሚሰናበቱ ሳስብም መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሐረጎን፣ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ወርጄ ኮምቦልቻ ውስጥ ልጆች ባድሜንተን አሠለጥናለሁ። ሰዎች ሁለቱን ሥራ ለየብቻ ያዩዋቸዋል፤ ለእኔ ግን አንድ ናቸው። ክፍል ውስጥ ስለ አየር ግጭት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ፊቴ ላይ የሚመጣው ሻትል ነው፤ ልጅ ሳርም ደግሞ ከአፌ የሚወጣው የፊዚክስ ቃል ነው። የምንሠለጥንበት ቦታ የአጎቴ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ግድግዳውን ጥቁር አረንጓዴ ቀብተነዋል፤ ነጭ ግድግዳ ፊት ነጭ ላባ አይታይምና። ለትልልቅ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ከሜዳው በላይ 12 ሜትር ነፃ ከፍታ ይፈለጋል፤ የእኛ ቆርቆሮ ጣሪያ ግማሹን ቢያህል ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲመታው የነጥብ ጥሪ አይሰማም፤ ልጆቹ ነጥቡን በጣት ይነጋገራሉ። ሆኖም ግድግዳ አለው፣ ነፋስ አይገባውም። ለባድሜንተን ከዚህ የሚበልጥ ጸጋ የለም። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ባለበት ሜዳ ላይ መጫወት የሞከረ ሰው ይህን ያውቃል።

ስለ ሻትሉ ልናገር፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት እሱ ነው።

16 ላባ ነው፤ የዝይ ወይም የዳክዬ፣ ሁሉም ከአንድ ወገን ክንፍ የተወሰዱ፣ ግማሽ ክብ ቡሽ ላይ ተሰክተው በክር የታሰሩ። ላባዎቹ ከአንድ ወገን የሚመረጡት ሻትሉ ሲበር በአንድ አቅጣጫ እንዲሾር ነው። ክብደቱ በሕግ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው። ከራኬት ሲወጣ በስፖርት ዓለም የሚስተካከለው የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ህንዳዊው ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ ለሙከራ በተዘጋጀ ቦታ የመታው ምት በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር ተመዝግቧል። ያው ሻትል ግን 13.40 ሜትር የሆነውን ሜዳ ሳያቋርጥ ፍጥነቱን ሊጨርስ ይደርሳል። ድንጋይ ብትወረውር ወደፊት መሄዱን እንዲቀጥል የሚያደርገው ክብደቱ ነው፤ ሻትል ግን ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ አየሩን ይጎትታል፣ አየሩም እሱን ይጎትተዋል። ስለዚህ ሻትሉ የት እንደሚወድቅ የሚወስነው ከመቺው ክንድ እኩል አየሩ ነው።

የደሴ አየር በሞቃታማ የባሕር ጠረፍ ካለው አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ያንኑ ምት፣ በዚያው ክንድ፣ በዚያው ራኬት ብትመታው ሻትሉ እዚህ ብዙ ይሄዳል። ኋላ ላይ ሊወድቅ የሚገባው ከመስመሩ ያልፋል። ልጆቻችን ይህን ማንም ሳይነግራቸው በአካላቸው ያውቁታል፤ ስለዚህ ክንዳቸውን ይቆጥቡታል። ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ይህን ነገር መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ ነው። ሻምፒዮናው በ2004 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ 2012፣ ወደ ሀገራችን መጥቶ ነበር። ያኔ አራት ኪሎ የፊዚክስ ተማሪ ነበርኩ፤ ውድድሩም የተካሄደው እዚያው አራት ኪሎ ባለው የስፖርት አዳራሽ ነበር። ከክፍል እየወጣሁ እሄድ ነበር። ከጨዋታዎቹ ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት የሆነውን ነው። አንድ ሰው የኋላው መስመር ላይ ቆሞ ሻትል ከታች ወደ ላይ፣ በሙሉ ኃይሉ፣ ከጎን መስመሩ ጋር ትይዩ አድርጎ ይመታል። ሌላው ማዶ ቆሞ የወደቀበትን ያያል። ይመለከታሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ሻትል ከሚታሸግበት ሌላ ቱቦ ሌላ ያወጣሉ፣ እንደገና ይመታሉ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አሠልጣኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጨዋታው የተጀመረው አሁን ነው፤ ሻትሉን እየመረጡ ነው» አሉኝ። ሕጉንም ነገሩኝ። እንዲህ የተመታ ሻትል ከማዶው የኋላ መስመር ከ53 ሴንቲ ሜትር በማያንስ፣ ከ99 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ወዲህ መውደቅ አለበት። በዚያ 46 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ካረፈ ፍጥነቱ ትክክል ነው። ካለፈ ፈጣን ነው፤ ቀርፋፋ ይምጣ ይባላል። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከጠረፍ የመጡት ቡድኖች ይዘውት የመጡት የእጅ ልማድ እዚህ እንዳለ አይሠራም። የአህጉሩ ምርጦች ሁሉ በአንድ ጊዜ አየራችንን ሲለምዱ ማየት ለአንዲት የፊዚክስ ተማሪ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ከመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያነበብኩት ቀመር እዚያ አዳራሽ ውስጥ እየበረረ ነበር።

ሻምፒዮናው ራሱ ወጣት አይደለም። የአፍሪካ ባድሜንተን ኮንፌዴሬሽን በ1977 ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1979 ጋና፣ ኩማሲ ላይ ተካሄደ። (እነዚህም ሆኑ ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ሳልል የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የግል ውድድሩ አምስት ዘርፍ አለው፤ የወንዶችና የሴቶች ነጠላ፣ የወንዶችና የሴቶች ጥንድ፣ ድብልቅ ጥንድ። ከእሱ ጎን የቡድን ውድድር አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተጋማሽ ቁጥር በሆኑት ዓመታት ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ በቡድን ይጫወታሉ፣ አሸናፊዎቹም ለዓለም የቡድን ውድድሮቹ፣ ለወንዶቹ ቶማስ ዋንጫና ለሴቶቹ ኡበር ዋንጫ፣ ይበቃሉ፤ በሌሎቹ ዓመታት ድብልቅ ቡድኖች ተጋጥመው አሸናፊው ለድብልቅ ቡድኖች የዓለም ውድድር፣ ለሱዲርማን ዋንጫ፣ ይሄዳል። በዚያ ላይ ከሻምፒዮናው የሚገኘው ነጥብ በዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ይያዛል። ባድሜንተን ከባርሴሎና 1992 ጀምሮ ሜዳሊያ የሚሰጥበት የኦሎምፒክ ስፖርት ነው፤ የኦሎምፒክ ማጣሪያ ደግሞ በዚሁ ሰንጠረዥ ነው የሚታየው። እያንዳንዱ አህጉር በነጠላ ውድድሮች ቢያንስ አንድ ተወካይ እንዲኖረው ተብሎ የተቀመጠ ደንብም አለ። ስለዚህ አንድ አፍሪካዊ ልጅ ከኢንዶኔዥያና ከዴንማርክ ልጆች ጋር ሳይጋፋ በቅድሚያ የአህጉሩን ልጆች ማሸነፍ ይችላል። በሩ ጠባብ ነው እንጂ የተዘጋ አይደለም።

በዚህ በር የገቡትን ስመለከት ልቤ ይሞላል። ናይጄሪያዊው አኑኦሉዋፖ ጁዎን ኦፔዮሪ በ2019 በሀገሩ ፖርት ሃርኮርት የወንዶች ነጠላ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያም ደጋግሞ አሸነፈ። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ከጎድዊን ኦሎፉዋ ጋር በጥንድ ተጫወተ፤ ፓሪስ 2024 ላይ ደግሞ በነጠላ ቀረበ። አልጄሪያ ወንድምና እህት አሏት፤ ኮሴይላና ታኒና ማመሪ አብረው በድብልቅ ጥንድ ፓሪስ ገብተዋል። እኔ ሁልጊዜ ለሴት ተማሪዎቼ የማነሳት ግን ግብፃዊቷ ሃዲያ ሆስኒ ናት። ቤጂንግ 2008፣ ለንደን 2012፣ ቶኪዮ 2020 ሦስቱም ላይ ነበረች፤ ትምህርቷንም በፋርማሲ ገፍታበታለች። ትምህርትና ራኬት ይጣላሉ የሚል ወላጅ ሲያጋጥመኝ ስሟን እጠራለሁ።

ከሁሉ በላይ ልቤ የሚሄደው ግን ወደ ኡጋንዳ ሴቶች ነው። በ2024 ቻይና፣ ቼንግዱ በተካሄደው የኡበር ዋንጫ ላይ አፍሪካን ወክለው የቀረቡት እነሱ ነበሩ፤ የደረሳቸው ምድብ ውስጥ ጃፓንና ኢንዶኔዥያ ነበሩ። ኡጋንዳ ሩቅ አይደለችም፤ ከእኛ የተሻለ ሀብት አላት የሚባልም አይደለም። በመካከለኛ ከፍታ ላይ ያለ ሀገር ነው። የወንዶቹን ቦታ የያዙት አልጄሪያውያን ነበሩ። እነዚያን ጨዋታዎች ልጆቹን መጋዘን ውስጥ ሰብስቤ በአንድ ስልክ አሳየኋቸው፤ የኡጋንዳ ልጆች ሲሸነፉ የኮምቦልቻ ልጆች ለእያንዳንዱ ነጥብ አጨበጨቡ። ከጃፓን ጋር ሜዳ ላይ መቆም ራሱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ገብቷቸዋል።

አሁን ወደ ሐረጎ ልመለስ።

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በመካከሉ ግን 650 ሜትር ገደማ ትወርዳለህ። የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው ጆሮው የሚደፈንበትን ቦታ ያውቃል። ብዙ ሰው ልብስ ያወልቃል፤ ደሴ ላይ ካፖርት ለብሶ የተነሳ ኮምቦልቻ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። እኔ ደግሞ ሻትል ይዤ እወርዳለሁ። ከአንድ ቱቦ የወጡ ሻትሎችን ጠዋት ደሴ ላይ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ ከሰዓት ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ በዚያው የሕግ ፈተና እንፈትናቸዋለን። የምትመታው ሁልጊዜ አንዷ ልጅ ናት፤ ክንዷ እንደ ማሽን የማይለዋወጥ ስለሆነ። ኮምቦልቻ ላይ በወጉ የሚያርፈው ሻትል ደሴ ላይ ወደ ኋላው መስመር ተጠግቶ ይወድቃል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ፀሐይ ሲበረታ አየሩ ይሳሳል፣ ሻትሉም ይፈጥናል፤ የደሴ ብርድ ደግሞ ትንሽ ያዘገየዋል። ስለዚህ የጠዋትና የከሰዓት ውጤቱን ሳወዳድር የሙቀት መጠኑንም እጽፋለሁ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ የአየር እፍጋት የሚለውን ምዕራፍ በዚህ ደብተር ነው የሚማሩት። ማንም ሲያንቀላፋ አላየሁም።

ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ሻትልን በፍጥነት ከፍለው ይሸጣሉ። የላባው ቱቦ ላይ 75፣ 76፣ 77፣ 78 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ቁጥሩ ሲያንስ ሻትሉ ይዘገያል፤ አንድ ቁጥር ሲቀየር ማረፊያው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀየራል። ቁጥሩ ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ ግሬይን ከሚባለው የእንግሊዞች የቆየ የክብደት መለኪያ ነው፤ አንድ ግሬይን 0.0648 ግራም ያህል ነው። 77ን አባዙት፤ 5 ግራም ገደማ ይሰጣችኋል። 73ን አባዙት፤ 4.73 ይመጣል። ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ክብደት ስንት ነበር? 4.74። ስለዚህ ለእኛ ዓይነት ከፍታ የሚስማማው 73 ሕጉ መጨረሻ ጠርዝ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ደስ የሚለኝ ሕጉ ይህንንም ማሰቡ ነው፤ ከፍታ ወይም የአየር ጠባይ መደበኛውን ሻትል የማይመች ባደረገበት ቦታ፣ የሀገሩ ፌዴሬሽን ከፈቀደ፣ ልኩን ማሻሻል ይቻላል ይላል። ያንን አንቀጽ መጀመሪያ ሳነብ ደሴን ያወቀ ሰው የጻፈው መሰለኝ።

የናይሎኖቹ ሻትሎች ደግሞ ቡሻቸው ላይ ባለ ቀለም ጥብጣብ ይለያሉ፤ አረንጓዴው ቀርፋፋ፣ ሰማያዊው መካከለኛ፣ ቀዩ ፈጣን። ለደሴ የሚሆነው አረንጓዴው ነው። ሱቅ ውስጥ ስንፈልግ የምናገኘው ግን ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው፤ ካልሆነም ቀይ። ነጋዴው ላይ አልፈርድም፣ የጠየቀው የለም።

ያገኘነውን ፈጣን ሻትል ለማዘግየት የምናደርገው አለ። የላባዎቹን ጫፍ በጣት ወደ ውጭ ማጠፍ አየሩን የበለጠ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ይፈጥናል። አንድ ላባ ዘልሎ አንድ ማጠፍ ነው፣ ቀለል አድርጎ። በውድድር ላይ ተጫዋች ይህን ማድረግ ክልክል ነው፣ እኛ ግን ለልምምድ እናደርገዋለን። ሌላው ችግር ድርቀቱ ነው። በበጋ ላባው ይደርቅና በሁለት ሦስት ምት ይሰበራል። ስለዚህ በዋዜማው ማታ ማንቆርቆሪያ አፍልቼ የቱቦውን አፍ ለጥቂት ጊዜ ከእንፋሎቱ በላይ እይዘዋለሁ፤ ላባው ይለሰልሳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ቡሹ እንዳይርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የኮምቦልቻ ልጆች ይህንን ሥራ በተራ መውሰድ ጀምረዋል፤ ተራው የደረሰው ልጅ ቱቦውን ቤቱ ይዞ ሲሄድ የአደራ አያያዙን ብታዩ።

ክንዳቸውን ይቆጥቡታል ያልኩት እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። በሳሳ አየርና በፈጣን ሻትል ያደገ ልጅ፣ ሙሉ ክንዱን ከዘረጋ ሻትሉ ስለሚወጣበት፣ ሳያውቀው ግማሽ ምት መምታት ይለምዳል። መረቡ አጠገብ ያለው ጨዋታው ያምራል፣ ጣቶቹ ለስላሳ ናቸው። ይህን ልጅ ወስደህ ዱዋላ አሰልፈው። ወፍራም አየር ውስጥ፣ በላብ፣ ከኋላ መስመር ሆኖ ያንን የለመደውን ምት ይመታል። ሻትሉ ሜዳው መካከል ይወድቅለታል፤ ለተጋጣሚው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ስማሽ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ኃይለኛ ምት፣ ይመጣል፤ ነጥብ። እንደገና፣ ነጥብ። 11 ነጥብ ላይ 60 ሰከንድ እረፍት ይሰጣል፤ በ60 ሰከንድ ውስጥ የዓመታት የክንድ ልማድ አይቀየርም። 21 ይሞላል። ተመልካቹ ልጁ አቅም አነሰው ይላል። እኔ ስመለከት የአየሩ ልማድ ነው የሚታየኝ። ከፍታ ለሯጮቻችን የሰጠውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለባድሜንተን ልጅ ግን ሳንባውን ይሰጠዋል፣ ክንዱን ይነሳዋል።

መድኃኒቱ ቀርፋፋ ሻትል ነው። ደሴ ላይ በጣም ቀርፋፋውን ሻትል ብንጠቀም ልጁ ሙሉ ክንዱን ዘርግቶ መምታት ይችላል፤ ምቱም በጠረፍ ከተማ እንደሚያርፈው ያርፍለታል። ከዚያ ሐረጎን ያወርዱታል፣ ኮምቦልቻ ላይ ይሞክረዋል። አቅም ቢኖር የባቲንም መንገድ ይዞ እስከ ሚሌ ቆላ ድረስ ማውረድ ነበር፤ ከደጋ እስከ በረሃ በአንድ ቀን የሚወርድ መንገድ ለማንም ሀገር አሠልጣኝ ቢሰጡት ይስማል። የትኛው ብሔራዊ ቡድን ነው በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ይህን ያህል የተለያየ አየር ያለው? እኛ በእጃችን ይዘነዋል።

ሰው ሊረዳን ሲነሳ መጀመሪያ የሚያመጣው ራኬት ነው። እግዜርም አላህም ይስጥልን፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተሞቻችን ደርሶ መረባችንም ራኬታችንም ሲጠፋ እንደገና የቆምነው በእንደዚህ ዓይነት ሰዎች ነው። አሁን ግን ራኬት በቅቶናል። ራኬት ክሩ እየተቀየረ ዓመታት ያገለግላል። ሻትል አላቂ ነው፤ የላባው ሻትል አንድ ጠንካራ ግጥሚያ ላይ ብዙ ይበላል። ለልጅ ራኬት ሰጥቶ የማይሆን ሻትል ማስያዝ ዓይኑ ለደከመ ሰው የሌላ ሰው መነጽር እንደመስጠት ነው የሚቆጨኝ፤ ያያል ብለን እናስባለን፣ እሱ ግን ጠማማውን ነው የሚለምደው።

ከልጆቹ አንዷ፣ ክንዷ አይለዋወጥም ያልኳት፣ እናቷ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ ናት። በቅርቡ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ሳትተኛ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከሰላምታው በኋላ ቀጥታ ጠየቀችኝ።

«መምህርት፣ ቁርጡን ይንገሩኝ። ይሄ ነገር ልጄን የት ያደርሳታል?»

«እህቴ፣ የት እንደሚያደርሳት ቃል አልገባልሽም» አልኳት። «ለኦሎምፒክ የበቃ ኢትዮጵያዊ የባድሜንተን ተጫዋች እስካሁን የለም። የአፍሪካ ሻምፒዮና ላይ ግን መድረስ ይቻላል። የኡጋንዳ ልጆች ደርሰዋል። የአንቺን ልጅ ክንድ አይቻለሁ፤ ከእነሱ አያንስም።»

«ትምህርቷስ?»

«ውጤቷ እስካልወረደ ድረስ ነው። ከወረደ ራኬቱን የምቀማት እኔ ነኝ።»

ዝም ብላ ልጇን ተመለከተች። ልጅቱ ከኋላ መስመር ሆና እየመታች ነበር፤ ሻትሉ ከፍ ብሎ ሄዶ ማዶ ልጆቹ በኖራ ካሰመሩት ክልል ውስጥ አረፈ። እናትየው ያ መስመር ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ስድስት ሰባት ምት ቆጥራ፣ «ሁሉም እዚያው ነው የወደቀው» አለች። «አብሽሪ፤ ያየሽው ነገር ነው የሚፈለገው» አልኳት። ለአሥር ዓመት ሥልጠና ከወሰዱ ሰዎች ያልሰማሁትን አስተያየት ነው የሰጠችኝ፤ የምቱ ብርታት ሳይሆን የማረፊያው ጽናት ነው ዓይኗ የገባው። በፋብሪካ ውስጥ ክር ሲዛነፍ የምታይ ዓይን ናት።

ሻምፒዮናው አንድ ቀን እንደገና ወደ ሀገራችን ቢመጣ ደስታዬ ወሰን የለውም። አዲስ አበባ አንድ ጊዜ አዘጋጅታለች፣ ሁለተኛም ትችላለች። አዘጋጅነቱ ሲመጣ ግን ልጆቻችን ተመልካች ወንበር ላይ ብቻ እንዳይቀሩ ሥራው አሁን ነው የሚሠራው፤ ያም በየክልሉ ከተማ በየከፍታው የሚስማማ ሻትል ከማዳረስ ይጀምራል። ለጎንደር፣ ለደሴ፣ ለደብረ ብርሃን አንድ ቁጥር፤ ለኮምቦልቻና ለሐዋሳ ሌላ፤ ለድሬዳዋ ሌላ። አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይበቃል። ሠንጠረዡን ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ፤ የደሴና የኮምቦልቻው መለኪያ ደብተሬ ላይ አለ። በሌሎች ከተሞች የምታሠለጥኑ ካላችሁ ያንኑ ፈተና አድርጉ፦ ከኋላ መስመር፣ ከታች ወደ ላይ፣ በሙሉ ክንድ፣ ከአንድ ቱቦ በወጡ ሻትሎች፣ የሙቀት መጠኑን ጽፋችሁ። ቱቦው ላይ ያለውን ቁጥርና የወደቀበትን ርቀት ከዚህ ጽሑፍ ሥር አስፍሩልኝ።

ከናይሮቢ፣ ከዱባይ ወይም ከሌላ ቦታ ወደ ወሎ የምትመጡ ካላችሁ ደግሞ ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካለ የላባው 73 ወይም 74 የተጻፈበትን፣ የናይሎኑ አረንጓዴ ጥብጣብ ያለበትን አምጡልን። ዋጋውን እንከፍላለን። ሰማያዊና ቀይ አለን።